የኮርቬት ሲ5ን እግር ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ቨርጂኒያ በምሠራበት ጋራዥ የሼቭሮሌን ስፖርት መኪና፣ ኮርቬት ሲ5ን (አምስተኛውን ትውልድ)፣ ይዘው የሚመጡ የአገር ልጆች ብዙ ናቸው። የሚጠይቁኝም ተመሳሳይ ነው። «እግሯን ምን ላድርግላት? ዝቅ ላድርጋት? ባሌስትራውን አውጥቼ ሞላ ላስገባ?» በስልክ ሁሌ ከምመልስ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው። የምናገረው ከ1997 እስከ 2004 ሞዴል ስላለችው ሲ5 ነው፤ በተለይ በ2001 ስለወጣችው ጠንከር ያለች ዓይነቷ፣ ዚ06። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮርቬት በእርግጥ ባሌስትራ ነው ያላት? እንደ ኤንትሬ?

ባሌስትራ አላት፤ እንደ ኤንትሬ ግን አይደለም። እኔ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮርቬት ሥር ገብቼ ያንን ጥቁር ቅስት ሳይ እኔም ተገርሜ ነበር።

የኤንትሬ ባሌስትራ ብረት ነው። ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ በመኪናው ርዝመት ይዘረጋል፤ ጭነቱን ይሸከማል፣ አክስሉንም ቦታው ላይ ይይዛል። ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው። የኮርቬቷ ባሌስትራ ግን በወርድ የተጋደመ ነው፤ ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። የተሠራው ከፋይበርግላስ ነው፣ ቅጠሉም አንድ ብቻ ነው። ጎማውን ቦታው ላይ የሚይዙት ከላይና ከታች ያሉት የአልሙኒየም ብራቾዎች ናቸው። ባሌስትራው የሞላን ሥራ ብቻ ይሠራል።

ይህ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። የ1963ቷ ስቲንግሬይ ከኋላ ዘጠኝ ቅጠል ያለው የብረት ባሌስትራ በወርድ ተገጥሞላት ነበር። በ1981 የኋላው በአንዳንዶቹ መኪኖች ላይ ወደ ፋይበርግላስ ተለወጠና ክብደቱ በ15 ኪሎ ገደማ ቀነሰ። ከ1984 ሞዴል ጀምሮ የፊቱም እንደዚሁ ሆነ። ኮርቬት ባሌስትራን ትታ ወደ ሞላ የሄደችው በ2020 ሞዴሏ፣ በሲ8 ነው።

የሲ5 ባሌስትራ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥቅም አለው። ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው በአንድ ነጥብ ሳይሆን ተራርቀው ባሉ ሁለት ቦታዎች ነው። ስለዚህ የቀኙ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ ባሌስትራው መሐል ላይ ይለመጥና የግራውንም ጫፍ ወደ ላይ ይስበዋል። ግራና ቀኝ እግሩን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ስታቢላይዘር ባር፣ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳትጋደም ባሌስትራው ራሱ ያግዛል። ከዚህ በታች ስለ ሞላ ስናወራ ይህችን ነገር ያስታውሱልኝ።

ገንዘቤ ውስን ነው። መጀመሪያ ምን ልቀይር?

ዕድሜ የወሰደውን መልሱላት። የመጨረሻዋ ሲ5 ከፋብሪካ የወጣችው በ2004 ነው፤ ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏታል። ሃያ ዓመት የኖረ ላስቲክ ላስቲክ አይደለም።

አንድ ደንበኛዬ ኮይልኦቨር (ሞላ የተጠመጠመበት ሾክ አብዞርበር) ካልተገጠመልኝ ብሎ መጣ። «አውራ ጎዳና ላይ መሪው አይታመንም፤ ጉብታ ስነካ መኪናዋ ወደ ጎን ትዘላለች» አለኝ። ከፍ አድርጌ አየኋት። ከፊት በግራ በኩል የታችኛው ብራቾ ቡሽ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ) ተሰንጥቆ ብረቱ ከላስቲኩ ተላቋል፤ በብረት ዘንግ ሳንቀሳቅሰው አፉን እንደሚከፍት ሰው ይከፈታል። የጎማዎቹን ጎን በባትሪ መብራት ስመለከት «2312» የሚል ቁጥር አለ። በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ጎማ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ ነበር፤ ጎማው ግን ደርቆ እንጨት ሆኗል። ቡሾቹን ቀየርን፣ አራት አዲስ ጎማ ገጠምን፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ጋደል) አስተካከልን። ደንበኛዬም ስለ ኮይልኦቨር ድጋሚ አላነሳም።

እንዲህ ይፈትሿት። መኪናዋን ካነሱ በኋላ እያንዳንዱን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። ከተጫወተ ኩሽኔታው ወይም የብራቾው መጋጠሚያ አልቋል። በሲ5 ላይ ኩሽኔታው ከሀቡ ጋር አንድ ላይ ነው የሚቀየረው፤ በሚይዝ ጎማ የውድድር ሜዳ ላይ ለሚነዱ ሰዎች ቶሎ ያልቃል። ሾክ አብዞርበሩ ላይ ዘይት ካለ ሥራውን ጨርሷል። የስታቢላይዘር ባሩን ማያያዣዎችም በእጅዎ ይሞክሯቸው፤ «እግሯ ይንኳኳል» ተብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው እነዚህ ትንንሽ ዘንጎች ናቸው።

ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ሾክ አብዞርበር፣ ከዚያ አላይመንት። ባሌስትራና ባር የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይቀይሩ፤ የትኛው እንደረዳዎትና የትኛው እንዳበላሸ መለየት ያቅትዎታል።

የትኛውን ሾክ አብዞርበር ልግጠም?

መኪናዋ ላይ ያለውን ካላወቁ መልስ የለኝም። ሲ5 ከአንድ በላይ ዓይነት እግር ይዛ ነው የወጣችው። መደበኛው አለ፤ ዜድ51 የሚባለው ጠንከር ያለው አለ፤ የዚ06 የራሷ አለ። ከነዚህ ውጪ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ አሉ። ኤፍ45 የቀድሞው ነው፤ ኤፍ55 ከ2003 ጀምሮ የመጣው በማግኔት የሚሠራው ነው። በኤፍ55 ውስጥ ያለው ዘይት የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚፈጠር ማግኔት ሲነካው ይወፍራል፣ ሾኩም ይጠነክራል።

በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን አውጥተው ተራ ሾክ ቢገጥሙ መኪናዋ ዝም አትልዎትም። ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ከዚያም አልፎ ፍጥነቷን በሰዓት 80 ማይል፣ ማለትም ወደ 129 ኪሎ ሜትር፣ ልትገድበው ትችላለች። ኮምፒውተሩ ሾኩ እንዳለ እንዲያስብ የሚያደርጉ ትንንሽ መሣሪያዎች ይሸጣሉ። ከሾኩ ጋር አብረው ይግዟቸው፤ ከገጠሙ በኋላ መፈለግ አይጀምሩ።

መደበኛ ሲ5 ላላቸው ሰዎች የምመክረው ርካሽና ጥሩ መንገድ የዚ06ን ሾክ መግጠም ነው፤ ቦታው ላይ ቀጥታ ይገባል። የ2004ቷ ዚ06 ሾክ በተለይ ተሻሽሎ የወጣ ነው፤ ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ ተሞክሮ የተስተካከለ። ያገለገለ ግን አይግዙ። ሰው አውጥቶ የሸጠው ሾክ የወጣበት ምክንያት አለው።

ዝቅ ላደርጋት እፈልጋለሁ። ስንት ልቀንስ?

ከ20 ሚሊ ሜትር አይለፉ። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ብዙ መኪና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ሲ5ን ዝቅ ለማድረግ አዲስ ባሌስትራ አያስፈልግም። ከፊት በባሌስትራው ሁለት ጫፎች ላይ የላስቲክ እግር ያለው ቡሎን አለ፤ ላስቲኩ የሚያርፈው በታችኛው ብራቾ ላይ ነው። ቡሎኑ ወደ ላይ በገባ ቁጥር መኪናዋ ትወርዳለች። ከኋላ ግን ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። ረጅም ቡሎን ጎማውን ከሚይዘው አካል ወደ ታች ተንጠልጥሎ የባሌስትራውን ጫፍ ይይዛል። ቡሎኑ በረዘመ ቁጥር መኪናዋ ትወርዳለች። የፋብሪካው ቡሎን ጥርሱ ካለቀ ረዘም ያለ ይሸጣል።

ይህ ሥራ ቀላል ስለሚመስል ሰዎች መንገድ ዳር ይሠሩታል። ባሌስትራው ግን ተወጥሮ ነው ያለው። የኋላውን ዳዶ ሙሉ በሙሉ ፈትቶ የሚለቀው ሰው ጫፉ ተስፈንጥሮ እጁን ሊሰብረው ይችላል። ዳዶውን ከመፍታትዎ በፊት የባሌስትራውን ጫፍ ከሥር በክሪክ ይደግፉት፤ በክሪኩና በባሌስትራው መካከል እንጨት ያድርጉ። ፋይበርግላስ ጭረት አይወድም፤ ከተሰነጠቀ አይጠገንም፣ ይቀየራል እንጂ።

ሥራ ሳይጀምሩ ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሟትና ከጎማው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ ያለውን በአራቱም በኩል ለክተው ይጻፉ። ከጨረሱ በኋላ ወዲያው አይለኩ፤ መኪናዋ ስትወርድ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚቀሩ ከፍ ብላ ትታያለች። ትንሽ ነድተው፣ ጥቂት ጉብታ አልፈው፣ ተመልሰው ይለኩ። ከኋላ በትንሹ ከፍ ብላ ብትቀር ጥሩ ነው።

20 ሚሊ ሜትር ያልኩት ለምንድን ነው? እግሩ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ውስን ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚመታ ላስቲክ አለ። መኪናዋን በ40 ሚሊ ሜትር ካወረዱ ከዚያ ቦታ 40 ሚሊ ሜትር ወስደዋል። በሙሉ ፍጥነት ታጥፈው ሳለ ጉብታ ቢመጣ እግሩ ላስቲኩን ይመታል፤ በዚያች ቅጽበት ለስላሳው እግር ድንገት ድንጋይ ይሆናል፣ ጎማው መንገዱን ይለቃል። ዝቅ ያለችው መኪና ከበፊቷ ይልቅ የማትይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥር ከአፍንጫዋ ወደ ታች የተንጠለጠለው ጥቁር ፕላስቲክም አለ። ሲ5 የሞተር ማቀዝቀዣ አየሯን የምትወስደው ከሥር ነው፤ አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚያዞረው ያ ፕላስቲክ ነው። መሬት ይነካል ብለው ቆርጠው የጣሉት ሰዎች በበጋ ሙቀቷ ሲወጣባቸው አይቻለሁ።

ዝቅ ካደረግኋት በኋላ አላይመንት ግድ ነው?

ግድ ነው፤ በዚያው ሳምንት። በእኔው ላይ የደረሰውን ልናገር። የራሴን ዚ06 ዝቅ ያደረግኋት በአንድ ቅዳሜ ነበር፤ አላይመንቱን «ሰኞ» አልኩ፣ ሥራ በዛ፣ ሁለት ወር አለፈ። ከፊት ያሉት ጎማዎች ከውጭ ሲታዩ አዲስ ነበሩ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ጎንበስ ብዬ ሳይ በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦው ወጥቷል፤ ጣቴን ሳስነካው ወጋኝ። ሁለት ጎማ ጣልኩ። በእነዚያ ጎማዎች ልጆቼን ይዤ አውራ ጎዳና ላይ ስነዳ ነበር የሰነበትኩት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል።

ካምበርና ቶ ስንት ይሁን?

ካምበር ጎማው ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚጋደምበት ነው፤ ከዜሮ በታች ሲሆን ወደ ውስጥ ነው። ቶ ደግሞ የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት ነው። መነሻ የሚሆን ቁጥር እሰጥዎታለሁ፤ ከዚያ ጎማዎ ይነግርዎታል። ለዕለት መንዳት ከፊት ካምበር ከዜሮ በታች 0.7 ዲግሪ ገደማ፣ ከኋላ 0.5 ገደማ። አልፎ አልፎ ውድድር ሜዳ ለሚሄድ ሰው ከፊት ከ1.5 እስከ 2፣ ከኋላ ከ1 እስከ 1.5። ካስተር (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያጋድልበት) ወደ 7 ዲግሪ፣ ግራና ቀኙ እኩል። ቶ ከፊት ዜሮ፤ ከኋላ ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ለመረጋጋት።

አንድ ዲግሪ ትንሽ አይምሰልዎ። ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ዲግሪ ሲጋደም በአንዱ ጠርዝና በሌላው መካከል ወደ 4.6 ሚሊ ሜትር የከፍታ ልዩነት ይመጣል። ሲታጠፉ መኪናዋ ስትጋደም ይህ ልዩነት ተመልሶ ጎማው ጠፍጣፋ ሆኖ መሬት ይይዛል። በቀጥታ መንገድ ላይ ግን የውስጡ ጠርዝ ብቻውን ይሸከማል። ጎማን ቶሎ የሚበላው ከካምበር ይልቅ የተሳሳተ ቶ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ እንደ እኔ ሽቦ ያስወጣሉ።

አላይመንት ሠሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁት። በኋላውም እግር ላይ ይሠራል? ሲ5 አራቱም ጎማ ይስተካከላል። ደግሞስ መቀመጫው ላይ የእርስዎን ክብደት የሚያህል ነገር ያስቀምጣል? ብቻዎን የሚነዷት ከሆነ ለውጥ አለው።

ባሌስትራውን አውጥቼ ኮይልኦቨር ልግጠም?

ለውድድር የሚኖር ሰው ከሆኑ ጥሩ ነው። ሞላውን በቀላሉ መቀያየር፣ የአራቱንም ጎማ ክብደት በሚዛን ማስተካከል ያስችላል። ለቀሩት ሰዎች አልመክርም፤ ምክንያቴ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በፋብሪካው አሠራር ሾኩ የሚታሰርበት የላይኛው ቦታ የሚሸከመው የሾኩን ግፊት ብቻ ነው፤ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። ኮይልኦቨር ሲገባ ክብደቱ ሁሉ ወደዚያ የላይኛው ቦታ ይሄዳል። የሚገጥሙት ሰዎች ያንን ቦታ ስንጥቅ እንዳይኖረው በየጊዜው ሊያዩት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከላይ ያስታውሱልኝ ያልኩት ነው። ባሌስትራው ሲወጣ መጋደምን የሚከለክለው እርዳታውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ወፍራም ስታቢላይዘር ባር ወይም ጠንካራ ሞላ ያስፈልጋል፤ ጠንካራ ሞላ ደግሞ በደንብ የሚገታው ሾክ ይፈልጋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ወጪው ይከመራል። የባሌስትራ ነገር የድሮ ነው ብሎ ብቻ የሚያወጣት ሰው ያሳዝነኛል፤ ዚ06 1,415 ኪሎ ገደማ ሆና እንደዚያ የምትታጠፈው በዚያ ባሌስትራ ነው። ጠንከር ያለ ከፈለጉ ለቲ1 ውድድር ምድብ የተዘጋጀ ባሌስትራና ባር አለ፤ ፋብሪካው ባሰበው መንገድ ይገባል።

ወፍራም ስታቢላይዘር ባር ምን ያደርጋል?

ከፊት ካወፈሩ መኪናዋ ስትታጠፍ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይገፋል። ከኋላ ካወፈሩ ጅራቷ ለመንሸራተት ይቀልላታል። ሁለቱንም ካወፈሩ ትጋደማለች የሚለው ስሜት ይቀንሳል፤ በዝናብና በጎርባጣ መንገድ ግን አንዱ ጎማ የነካውን ሌላውም ስለሚቀበል ትዘላለች። የኋላውን ብቻ አወፍሮ በርጥብ መንገድ መውጣት አደገኛ ነው፤ ጅራቷ ሲሄድ አስቀድሞ አይነግርም።

ሰፊ ጎማ ብገጥምስ?

ይቻላል፤ የፊትና የኋላው ቁመት ግንኙነት ግን እንዳይበላሽ። ዚ06 ከፊት 265/40 በ17 ቸርኬ፣ ከኋላ 295/35 በ18 ቸርኬ ነው ያላት። ሲሰላ የኋላው ከፊቱ በ3 ከመቶ ገደማ ይረዝማል። መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር የጎማዎቹን ፍጥነት እያነጻጸረ ስለሚሠራ፣ ይህ ግንኙነት ከተዛባ ሳይንሸራተቱ ፍሬን ሊይዝብዎት ይችላል። ነፋሱ በብርድ 30 ፒኤስአይ ነው። የውድድር ሜዳ ላይ ሲሞቅ ስለሚጨምር በእረፍት ሰዓት ለክተው ያስተንፍሱት።

የላስቲኩን ቡሽ በፖሊዩረቴን (ከላስቲክ በጠነከረ ፕላስቲክ) ልቀይረው?

መሪው ይጠራል፤ ድምፅና ንዝረት ይጨምራል። ቅባቱ ሲያልቅ እንደ አልጋ ሲጥ ሲጥ ይላል። በየቀኑ የሚነዷት ከሆነ አዲስ ላስቲክ ይግጠሙ። ላስቲክ ሲገጥሙ የብራቾውን ቡሎን እስከ መጨረሻው የሚያጠብቁት መኪናዋ በእግሯ ቆማ ሳለ ነው። ተንጠልጥላ ሳለ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ዝቅ ያለች መኪና የቨርጂኒያን ዓመታዊ ፍተሻ ታልፋለች?

በጥቂቱ ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ ምንም የማይነካ መኪና ሲመልሷት አላየሁም። የሚጥላት ጎማው ነው፤ ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አያልፍም። በውስጥ በኩል የተበላ ጎማ ደግሞ ባለቤቱ ሳያይ ፈታሹ ያየዋል።

ለውጡን የት ልሞክረው?

መንገድ ላይ አይሞክሩት። ከዋሽንግተን ብዙም ሳይርቅ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት አለ። ዋናው ሜዳ ርዝመቱ 2 ማይል፣ መታጠፊያው 10 ነው። ከአሠልጣኝ ጋር የሚነዱበት ቀን ያገኛሉ። እኔ እግሯን የምፈትነው በአሥረኛው መታጠፊያ ነው። ፈጣን ነው፣ ወደ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ያወጣል፤ መኪናዋ ተጋድማ ሳለች ጋዝ እየሰጧት ነው የሚወጡት። የኋላው ቶ ትክክል ካልሆነ እዚያ መሪው በእጅዎ ውስጥ ይዋዥቃል። ከቀጥታው መጨረሻ ያለው አንደኛው መታጠፊያ ደግሞ ከባድ ፍሬን ይጠይቃል፤ ሾኩ ካለቀ አፍንጫዋ ወደ መሬት ስትሰግድ ያዩታል። ከመሄድዎ በፊት ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ የውድድር ሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም።

ክሪክ የት ላድርግ?

ከጎማዎቹ አጠገብ ከሥር በኩል በፍሬሙ ላይ አራት ሞላላ ቀዳዳዎች አሉ። እዚያ የሚገባ ላስቲክ ወይም አልሙኒየም መደገፊያ ገዝተው በእሱ ያንሱ። የጎኑ ፕላስቲክ ላይ ካደረጉ ይሰነጠቃል፤ ባሌስትራውን መኪና ማንሻ አያድርጉት። በክሪክ ብቻ ቆማ ሥሯ አይግቡ፤ መደገፊያ እግር ያስገቡላት። ጎማውን ሲመልሱ ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በ140 ኒውተን ሜትር ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ በዚያው ቁልፍ እንደገና ይሞክሯቸው።